ሰባ ሁለት ደቂቃ ፀሐይ

በሕንፃ ዐሥራ አራት የተወለደ ሕፃን ሰባት ቀን ሲሞላው ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልቦ ይታሰርለታል። መዝገብ ላይ ያለው ስሙ ረጅም ነው፤ ማንም አይጠራውም። የደብረ ብርሃን እናቶች ከመጀመሪያው አልቦ አሉት፣ በዚያው ጸና። ለስላሳ ነጭ ቀለበት ነው። ውሃ አይገባውም፣ አያሳክክም፣ ልጁ ቆሞ እስኪሄድ አይፈታም። ላዩ ላይ የልጁን የቪታሚን መጠን የሚያሳይ ቁጥርና የስንዴ ቅንጣት የምታክል መብራት አለ። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ልጁ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነች እናትየዋ ምድር ቤት ወዳለው የጤና ጠረጴዛ ትወርዳለች። ቀይ ከሆነች ልጁ ለአንድ ሳምንት ማጠናከሪያ ክፍል ይገባል፤ እናቱ በመስታወት በኩል እየመጣች ታየዋለች።

የዐሥራ ሰባተኛ ፎቅ ነዋሪዋ አስካለ የውሃ ቆጣሪ መርማሪ ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከከተማው በታች ባለው የቧንቧ ዋሻ ውስጥ እየተመላለሰች፣ ቆጣሪዎች እውነቱን መናገር አለመናገራቸውን ስታረጋግጥ ኖራለች። ለአዳዲስ ሠራተኞች በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው አንድ ነገር ነው። ግፊት ሲቀንስ በቧንቧው ውስጥ አየር ይመጣል፤ ቆጣሪው አየሩንም ውሃ ብሎ ይቆጥራል። አይዋሽም፣ የሚያልፈውን ነገር ምንነት አያውቅም እንጂ። ስለዚህ አስካለ በሄደችበት ሁሉ ባለ ዐሥር ሊትር ጣሳዋን ይዛ ትሄዳለች። ቆጣሪው ያለውን ይበል፤ ጣሳው ሞላ ወይስ አልሞላም?

ልጇ ስትወለድም ደብተር አወጣች። በማስመሪያ አሰመረችው፦ የጠባችበት ሰዓት፣ የተኛችበት ሰዓት፣ ዳይፐር፣ የአልቦ ንባብ፣ አስተያየት። ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም፤ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን ይጠበቅላታል። እስከዚያ ቤት ውስጥ ሚጡ ትባላለች። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን አስተያየት በሚለው ስር እንዲህ ተጽፏል፦ «ስትጠባ ማጅራቷን ያልባታል። ትራሱ ይረጥባል። ምክንያት፦ የክፍሉ ማሞቂያ።»

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ባሏ ይልማ ለሥራ ጫማውን እያጠለቀ ሳለ ደብተሩን አምጥታ አፍንጫው ስር ዘረጋችለት።

«እያት ይቺን የአልቦ ዓምድ።»

«አየኋት። ይወርዳል።»

«እንዴት ነው የሚወርደው?»

ይልማ የነፋስ ማማ ጠጋኝ ነው፤ ጠዋት ላይ ቁጥር አይወድም። «ቀስ እያለ ነዋ፣ አስኩ። ቪታሚን ዲዋ እያለቀ ነው። ታች ጠረጴዛው ላይ ጠብታ ምረጡ የሚሉት ለዚህ አይደል?»

«ከሃያኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዜሮ ነጥብ አራት። አንድ ቀን እንኳ ሦስት፣ አንድ ቀን እንኳ አምስት አላለም። ያመማት ቀን አራት፣ ስትስቅ የዋለች ቀን አራት። ነፍስ ያለው ነገር እንዲህ ይወርዳል?»

«ልጅቷን እንደ ቧንቧ አታንብቢያት እንጂ» አለና ሚጡን ግንባሯ ላይ ስሟት ወጣ።

አስካለ ግን ስታነብ ዋለች።

በዚያ ሰሞን የፀሐይ እቁብ ተጀምሮ ነበር። የሕንፃው መስኮቶች ከአምስተኛ ፎቅ በላይ አይከፈቱም፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ ደግሞ ራቁቱን ለወጣ ጨቅላ አይራራም። ስለዚህ አስተዳደሩ ጣሪያው ላይ ለአራስ እናቶች የመስታወት ቤት ሠርቷል። በአራቱም ጎን መስታወት፣ ከላይም መስታወት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውስጡ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ለአንድ ሕፃን በቀን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ተራ ይሰጠዋል። በሩ ሰዓቱን ጠብቆ ይከፈታል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይዘጋል።

ሐሳቡን ያመጣችው የዐሥራ አንደኛ ፎቋ ዘነቡ ናት፤ ጮክ ብላ የምትስቅ፣ አቡሽ የሚባል ወፍራም ወንድ ልጅ ያላት ሴት። «ለማውለቅ አራት ደቂቃ፣ ለማልበስ አራት ደቂቃ» አለች አንድ ቀን በር ላይ ተሰልፈው ሳሉ። «የቀረችው አራት ደቂቃ ናት። በአራት ደቂቃ እንኳን ልጅ ድንች አይሞቅም። እቁብ እንግባ!»

ስድስት እናቶች ገቡ። ስድስቱም ተራቸውን በአንድ ቀን ለአንድ ልጅ ይሰጣሉ፤ ሰባ ሁለት ደቂቃ። ልጁ ራቁቱን ሆኖ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ እንደ ልቡ እየተራገጠ ይሞቃል፤ የሚቀጥለው ቀን የሌላው ልጅ ነው። ዕጣ በሕፃን ካልሲ ውስጥ ተወጣ። ዘነቡ ዳኛ ሆነች። አስካለ ደብተር ስላላት ጸሐፊ ተባለች።

በአርባ አንደኛው ቀን የሚጡ ተራ ደረሰ። ሰባ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በጀርባዋም በሆዷም ተገለበጠች፤ ጉንጮቿ ቀሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ አስካለ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርድ ልብሱን ገልጣ አልቦውን አየች። ዜሮ ነጥብ አራት ወርዷል። ስልኳን አንስታ ለአምስቱም እናቶች የአንድ ሳምንት ንባባቸውን እንዲልኩላት ጻፈች። በዚያ ሳምንት ሰባ ሁለት ደቂቃ ያገኙ ልጆች ነበሩ፤ ምንም ያላገኙም ነበሩ። ስድስቱም ልጆች በየቀኑ ዜሮ ነጥብ አራት ወርደዋል።

ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው።

በአርባ ሦስተኛው ቀን የሚጡ መብራት ቢጫ ሆነች። በማግስቱ አስካለ ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጠረጴዛው ወረደች። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው አቤኔዘር የሚባል ጺሙን አሳምሮ የተከረከመ ወጣት ነበር። ሦስት ጠርሙስ ደርድሮ ነበር የጠበቃት፤ እንደምትመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። አስካለ ይህንንም ልብ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ እናት። ይሄ ጮራ ነው፤ ቪታሚን ዲ ብቻ ነው። ይሄ ጠል፤ ብረት ተጨምሮበታል። ይሄ ደግሞ ፍሬ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓይነት አለው። አብዛኛው ወላጅ ፍሬን ነው የሚወስደው።»

«የትኛው ነው የሚሻለው?»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው።»

«ሁሉም ጥሩ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?»

አቤኔዘር ፈገግ አለ። «ወላጅ መምረጥ ስለሚወድ።»

አስካለ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነሳች። ጽሑፉን በማጉያ መነጽር አነበበች፣ ቀኑን አየች፣ እያገላበጠች ወደ ብርሃን ያዘቻቸው። ከኋላዋ የተሰለፈች ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይሄ ክዳን ለምን ወፈረ?»

«ቆጣሪ አለው። ሲጫኑት በቀን አምስት ጠብታ ይሰጣል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ሁለት ሰዓት ይቆለፋል። ደግሞ በዛ እንዳይባል ነው፤ ለደህንነት።»

«መስጠቴን ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለአልቦው።»

«ለአልቦው» ብላ ደገመች። «አልቦውስ የሚያነበው ምንድነው፣ ወንድሜ?»

«ልጅቷን ነዋ።»

«ምኗን? ደሟን? ላቧን? ቆዳዋን?»

«እናት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ አልቦ አልሠራሁም» አለ፣ አሁን ፈገግታው ትንሽ ጠቦ። «እስከ ሰማንያኛው ቀን ካልመረጡ እኛ እንመርጥልዎታለን። ከዚያ በፊት ቀይ ከበራ ደግሞ ያው ማጠናከሪያ ነው። ያውቁታል።»

አስካለ ጮራን ወሰደች። የወሰደችበት ምክንያት ደብተሯ ላይ አለ፦ «ጽሑፉ አጭር። ቪታሚን ዲና ዘይት ብቻ። ጥቂት ነገር ያለበትን መመርመር ይቀላል።»

ለልጇ ግን አልሰጠቻትም። ጣሳዋን ነው ያመጣችው ማለት ይቻላል። ወጥ ቤቷ መስኮት ላይ ስኒ በምታክል ማሰሮ የተተከለች ጤና አዳም ነበረች። በአርባ አምስተኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አስካለ ጠርሙሱን ማሰሮዋ ላይ ዘቅዝቃ ክዳኑን ተጫነችው። ጠቅ አለ። አምስት ጠብታ ግንዱ ሥር ወደቀ። ሚጡ አልጋዋ ላይ እግሯን ወደ ላይ ዘርግታ ስትጫወት አልቦዋ አንዴ ብልጭ አለ።

ሦስት ቀን ቁጥሩ ባለበት ቆመ። በአራተኛው ቀን ዜሮ ነጥብ ስድስት ወጣ። በአምስተኛው ቀን ዜሮ ነጥብ ስድስት ወጣ፣ መብራቷም አረንጓዴ ሆነች።

«ሚጡ ምንም አልወሰደችም» ብላ ጻፈች። «አልቦው ጠግባለች ይላል።»

ለእናቶቹ የነገረቻቸው በመስታወት ቤቱ ውስጥ ነው፤ የአቡሽ ተራ በሆነበት ቀን። ስድስቱም ሙቀቱን ፍለጋ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። አስካለ እንደ ሪፖርት አቀረበችው፤ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ማሰሮዋን።  ስትጨርስ ዘነቡ ሳቋን ለቀቀችው።

«ጤና አዳምሽ በቪታሚን ደንድና በሩን ከፍታ ልትወጣ ነዋ! ወይ አስካለ! ስንት ቀን ሙሉ እግሩን እያየሁ ስጨነቅ፣ ለካ የሚያነበው ጠርሙሱን ነው!»

«የክዳኑን ጠቅታ ነው የሚቆጥረው» አለች አስካለ። «ልጆቹን አያያቸውም።»

«እኔስ ዱሮም አላመንኳቸውም» አለች አንዷ። ሌላዋ አዲስ የመረጠችውን ፍሬ ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ያዘችው።

የዘጠነኛ ፎቋ የትምወርቅ ብቻ አልሳቀችም። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ስትናገር ወለሉን ታያለች። «ቆይ ግን» አለች። «አልቦው አያነብም እንበል። ጠብታው ራሱስ? ጠብታው መድኃኒት ቢሆንስ?»

አስካለ ይህን ጥያቄ የጠበቀችው ይመስል ፈጥና መለሰች። «የትሜ፣ ቆጣሪውን የገጠመውና ቧንቧውን የዘረጋው አንድ ሰው ነው። እሱ በቆጣሪው ከዋሸሽ፣ በቧንቧው የሚመጣውን በምን ታምኚዋለሽ?»

የትምወርቅ ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ጥሩ መልስ ይመስል ነበር። ለአስካለ ራሷም ጥሩ መስሏት ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። በሦስት ቀን ውስጥ ጠርሙስ ያልመረጡት ሁሉ መረጡ፤ አምስቱም በየቤታቸው ማፍሰስ ጀመሩ። ዘነቡ በመታጠቢያ ገንዳ፣ የትምወርቅ በጨርቅ ላይ። ስድስቱም አልቦዎች አረንጓዴ ሆኑ። እቁቡ ቀጠለ፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ደመቀ። ፀሐይ ማንም ያላሸገው፣ ማንም ክዳን ያልገጠመበት ነገር ነው ይሉ ነበር።

በስልሳ ስምንተኛው ቀን ጤና አዳሟ ታችኛው ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። በሰባኛው ቀን ላይኛው። አስካለ ፎቶ አንስታ ለእቁቡ ላከች። የመለሰችው ዘነቡ ናት፤ በአንድ መስመር፦ «ይሄን ነገር ነው አንጀታቸው ውስጥ ልንጨምር የነበረው?» አስካለ በዚያ ቀን ሚጡን አቅፋ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ከአንድ ነገር ያዳነቻት መሰላት። የልጅቷ የኋላ ጸጉር ትራስ እየፈተገው ተመልጦ ነበር፤ እሱን በእጇ ዳበሰችው። «ምክንያት፦ የትራስ ልብሱ ሸካራ ነው» ተብሎ ተጽፏል።

ሲስተር ሜላት የደረሰችው በሰባ ስምንተኛው ቀን ነው። የይልማ አክስት ናት፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአንኮበር ዙሪያ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አርባ ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ፣ አሁን እዚያው ጎጆ ሠርታ ተቀምጣለች። ለክርስትናው ነው የመጣችው። አሳንሰሩ ውስጥ «ፎቅዎን ይናገሩ» ሲላት «አንተ ንገረኝ እንጂ፣ ነዋሪው አንተ ነህ» ብላው ይልማ እስከ ማታ ሲስቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ይልማ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ አስካለም የዕለቱን ጠብታ ማሰሮዋ ላይ ካፈሰሰች በኋላ፣ አሮጊቷ እጅጌዋን ጠቀለለች። «ነገ ጠበል ልትገባ አይደል? ዛሬ እኔ ልጠባት።»

ሚጡን በግራ ክንዷ ላይ አጋደመቻት። የሞቀውን ውሃ በመዳፏ እየቀዳች ራሷ ላይ አፈሰሰች። ጣቶቿ ግንባሯን አልፈው፣ አናቷን አልፈው፣ ከጆሮዋ ጀርባ ደረሱና ቆሙ። ወደ ሌላው ጆሮ ሄዱ። እዚያም ቆሙ።

«አስካለ። ነይ እስቲ።»

«አቤት ሲስተር።»

«አውራ ጣትሽን እዚህ አድርጊ። ቀስ ብለሽ ተጫኚ።»

አስካለ ተጫነች። ከጣቷ ሥር ያለው ነገር ወደ ውስጥ ገባ፤ ስትለቀው ተመልሶ ወጣ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሲጫኑት እንደሚሆነው ነበር።

«እርግብግቢቷ ነው» አለች።

«እርግብግቢቷ ከላይ ነው፣ እዚህ። ይሄ አጥንት ነው። አጥንት መሆን ነበረበት።»

አስካለ እጇን አነሳች። መልሳ አስቀመጠች። በግራ በኩል ተጫነች፣ በቀኝ በኩል ተጫነች፣ ግንባሯ ላይ ተጫነች፣ እንደገና በግራ። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ሳይለካ ተለካ አይባልም፤ እሷ ናት ይህን የምታስተምረው።  ሦስቱም ጊዜ ገባ፣ ሦስቱም ጊዜ ወጣ። ግንባሯ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር።

«ስትጠባ ያልባታል?»

«ማሞቂያው…»

«ያልባታል ወይ?»

«ያልባታል።»

ሲስተር ሜላት የተመለጠውን ጸጉር አየች እንጂ አልጠየቀችም። ልጅቷን በፎጣ ጠቀለለቻት። «ይሄ እግሯ ላይ ያለው መብራት ምን ይላል?»

«ደህና ናት ይላል።»

«ጠብታ ትሰጫታለሽ?»

አስካለ ደብተሩን አመጣች። ለመዋሸት አላሰበችም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ዓምድ በዓምድ፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዜሮ ነጥብ አራቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ክዳኑን፣ ሠላሳ አምስት ቀን ማሰሮ ላይ የፈሰሰውን። አሮጊቷ መነጽሯን አድርጋ ተከታተለች። አንዳንዴ ወደ ኋላ ገልጣ ታይ ነበር።

«ጎበዝ ነሽ» አለች መጨረሻ ላይ፤ ለማሾፍ አይመስልም። «ስለ አልቦው ልክ ነሽ። ጠረጴዛ ላይ ስላለውም ልጅ ልክ ነሽ።» ደብተሩን ዘጋችው። «ልጅቷን ነክቶ ያየ ግን የለም።»

«ፀሐይ አግኝታለች!» አለች አስካለ፤ ድምጿ ሳታስበው ከፍ አለ። «ሰባት ጊዜ። በየስድስት ቀኑ ሰባ ሁለት ደቂቃ። ራቁቷን። ተጽፏል፣ እይው።»

«የት?»

«ጣሪያው ላይ። መስታወት ቤት።»

«መስታወቱ ይከፈታል?»

«አይከፈትም፤ ንፋሱ…»

ሲስተር ሜላት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «ልጄ፣ መስታወት ሙቀቱን ነው የሚያሳልፈው። አጥንት የሚያጠናውን፣ ቪታሚን ዲ የሚሰጠውን ጨረር፣ እዚያው ያስቀረዋል። አርባ ዓመት ለእያንዳንዷ አራስ ስናገር የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ በመስኮት በኩል አታሙቂ፣ ደጅ አውጪው እያልኩ። ሙቀት ነው የሰጣችኋቸው። አንቺስ ራስሽ መቼ ነው ደጅ የወጣሽው? ሥራሽ መሬት ውስጥ፣ ቤትሽ ሰማይ ላይ። በጡትሽስ ምን ይመጣላታል?»

አስካለ ወደ መስኮቱ ሄዳ ማሰሮዋን አነሳች። እጇ ላይ የቀረችው የመጨረሻ ማስረጃ ነበረች። «ይሄስ? ጠብታው አቃጥሎ ገደላት።»

አሮጊቷ አፈሩን በሁለት ጣት ቆንጥራ አሸት አሸት አደረገችው፤ አሸተተችው። ጣቷ አብረቀረቀ። «ዘይት ነው። ስኒ በምታክል አፈር ላይ በየቀኑ ዘይት ስታፈሺ ምን እንዲበቅል ነው?»

 አስካለ ቆማ ቁጥሮቹን በአእምሮዋ ወደ ኋላ ገለጠች። አልቦው ልጅቷን አይቷት አያውቅም፤ ይህ አሁንም እውነት ነው። በዚህ ሕንፃ የሚወለድ ልጅ ፀሐይ አያገኝም ብሎ ነበር የተነሳው፤ ከዚያ በየቀኑ ዜሮ ነጥብ አራት እየቀነሰ ሄደ። ፀሐይም አላገኘችም። ሳያያት፣ በግምት፣ እስከ አርባ አምስተኛው ቀን ድረስ እውነቱን ሲናገር ነበር። አየሩን በቧንቧው የለቀቀችው እሷ ናት።

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ላይ አነሳች። ሚጡን ተቀበለች፣ ከንፈሯን በጣቷ ከፈት አደረገችና ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ክዳኑን ተጫነችው። አልተንቀሳቀሰም። በጥርሷ ያዘችው፣ በቢላ ጫፍ ሞከረችው። ክዳኑ ላይ ትንሽ ጽሑፍ በራ፦ «የዛሬው ተሰጥቷል። ነገ 2:00።»

«ተይው» አለች ሲስተር ሜላት። «አንድ ቀን አይገድላትም። ይህ የአጥንት መለስለስ በጊዜ ከተያዘ ይድናል፤ እግሯ ሳይጎብጥ ደርሰንባታል። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ትወስጃታለሽ፣ ደሟ ይታያል፣ የሚበቃትን መጠን ያዝዙላታል። የጠርሙሱ ብቻ አይበቃትም አሁን።»

«አረንጓዴ የሆነ ልጅ ደም አይወሰድለትም» አለች አስካለ። «ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው አልቦውን ነው።»

«እንግዲያው ታች ወርደሽ ያደረግሽውን ትናገሪያለሽ።»

«ቀይ ያደርጉታል። ማጠናከሪያ ትገባለች። ነገ…» ነገ ክርስትናዋ ነው፤ ድንኳን አልተተከለም እንጂ ስም ተመርጧል፣ ክርስትና እናቷ ከሐረር መንገድ ላይ ናት። በመስታወት በኩል የምታያት ልጅ ታሰበቻት። በዓመቱ ውስጥ ስንት ነገር በመስታወት በኩል አይታ ኖሯል።

«ስም አንድ ሳምንት ይጠብቃል» አለች አሮጊቷ። የጠቀለለችውን እጅጌ እየፈታች ነበር። ቆም አለች። «እቁቡ ስንት ሰው ነው ያልሽኝ?»

አስካለ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

«አስካለ። ስንት ልጆች ናቸው?»

«ስድስት።»

«እነሱስ?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች። «የትምወርቅ ጠይቃኝ ነበር። ጠብታው መድኃኒት ቢሆንስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልስ ሰጠኋት።»

ሚጡን ለሲስተር ሜላት አስረከበች። እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች፣ በሞቀ ውሃ አለቀለቀች፣ እንዳይቀዘቅዙ ጣቶቿን አፍታታ አሸቻቸው። ደብተሩን ይዛ በሩ ድረስ ሄደች፤ ከዚያ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ወደ ጤና ጠረጴዛው የሚወስደው አሳንሰር ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ አስቆመችው። ታች ወርዳ የምትናገረው የስድስት ልጆች ነገር ነው፤ አምስቱ እናቶች ከእሷ አፍ ሳይሰሙት አልቦዎቹ ቀይ ሊበሩ አይገባም።

ዘነቡ በሩን የከፈተችው አቡሽን በዳሌዋ ላይ አስቀምጣ ነው። ልጁ ወፍሯል፣ ይስቃል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ግራ እግሩ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክለው መብራት አረንጓዴ ታበራለች።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የቀላሽው?» አለች ዘነቡ። «ልታጣሪ ነው የመጣሽው? የዛሬውንም አፍስሼዋለሁ፣ እመቤት ጸሐፊ! በሰዓቱ። አንዲት ጠብታ ወደ አፉ አልገባችም።»

«ዘነቡ፣ አቡሽን ስጪኝ።»

«ምነው? ተራው ነገ ነው፣ ዛሬ ፀሐይ የለውም…»

«እጄን ታጥቤአለሁ። ስጪኝ።»

ዘነቡ ልጁን አቀበለቻት። አስካለ ራሱን በሁለት መዳፏ ያዘችው፤ አውራ ጣቶቿን ከጆሮዎቹ ጀርባ አሳረፈች። ቀስ ብላ ተጫነች። ለቀቀች። እንደገና ተጫነች።

ሦስተኛውን ስትጫን ዘነቡ ገና እየሳቀች ነበር።